«ለሌላ ዓላማ አውላለች»

«የተሰጣትን መነሻ ገንዘብ ለሌላ ዓላማ አውላለች።»

ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከአረብ አገር ለተመለሱ የካምባ ወጣቶች የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። በማጠቃለያው ሪፖርት ላይ፣ ከአንዲት ሴት ስም ትይዩ፣ «አስተያየት» በሚለው ዓምድ ውስጥ ሰፍሯል። ስጽፈው ቅር አላለኝም። «በላችው» ወይም «አጠፋችው» ከማለት ይሻላል፣ ጨዋ አባባል ነው ብዬም ነበር። ያ ጨዋ አባባል ሴትዮዋን ከሁለተኛው ዙር ድጋፍ አስወጣት፤ በቀበሌው ዘንድ ደግሞ «የድርጅት ብር የበላች» አስባላት። ገንዘቡን ምን ላይ እንዳዋለችው ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ቀድሜ ማወቅ እችል ነበር፤ ነግራኝ ነበርና።

ካምባ ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያለ የጋሞ ዞን ወረዳ ነው። ደጋው እንሰት፣ ገብስና ድንች ያበቅላል፤ ቆላው በቆሎ። ማሳው ጠባብ፣ ልጁ ብዙ ነው። ስለዚህ ከዚያ አገር ሰው መውጣት የጀመረው ዛሬ አይደለም። የጋሞ ሸማኔ ጉለሌንና ሽሮ ሜዳን ሰፈሩ ካደረገ ብዙ ትውልድ አልፏል። አባቴም በዚያው መንገድ ከካምባ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ ሲሸምን ኖሮ፣ በስተርጅና አርባ ምንጭ ገባ። እኔ እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው ያደግኩት። ጋሞኛን ከአማርኛ እኩል እናገራለሁ፤ ይህን የማነሣው ለጉራ ሳይሆን ጥፋቴን ስለሚያከብደው ነው።

ሴቶቹ ልጆች ደግሞ በኋላ በኋላ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድና ወደ ኩዌት መሄድ ጀመሩ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ መንግሥትም ለሥራ ወደ አረብ አገር መሄድን ለዓመታት አገደ። እገዳው መንገዱን አልዘጋውም፤ ደላላውን ነው ያስወደደው። የተመለሱትን መልሶ ለማቋቋም ድርጅቶች ሲሯሯጡ፣ ሥልጠና እንደ አሸን ፈላ። እኔም ወደዚህ እንጀራ የገባሁት በዚያ ማዕበል ነው። ዲግሪዬ የማኔጅመንት ነበር፤ ንግድ ነግጄ አላውቅም። ሱቅ እንኳ ቆሜ ሸጬ የማላውቅ ሰው፣ ንግድን ለማስተማር የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ።

የምናስተምርባቸው መጻሕፍት መጥፎ አልነበሩም፤ እነሱን መክሰስ አልፈልግም። አንደኛው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ንግድን የመጀመርና የማሻሻል ሥልጠና ነው፤ ሥሩ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የስዊድን አሠሪዎች ማኅበር ለአነስተኛ ድርጅቶች ባዘጋጀው ትምህርት ላይ ነው። ሌላው ኤምፕሬቴክ የሚባለው፣ በተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ የሚመራው ነው። ይኼኛው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ማክሌላንድ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሐሳብ ላይ ይቆማል፤ የሰውን ኑሮ የሚለውጠው በውስጡ ያለው የስኬት ጥማት ነው፣ ያንንም ጥማት ማሠልጠን ይቻላል ይላል። በእኛም አገር በ2005 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል ኤምፕሬቴክን ይዞ ብዙ ሺህ ሰው አሠልጥኗል።

ይህ ሐሳብ ለአሠልጣኝ በጣም ይጣፍጣል። ችግሩ ያለው ከሰልጣኙ ራስ ውስጥ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ያለው ከአሠልጣኙ ማርከር ጫፍ ላይ ነዋ! በ2017 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ ልቤን ጨርሶ አሳበጠው። ቶጎ ውስጥ 1500 ጥቃቅን ነጋዴዎች ተጠንተው፣ ስለ ራስ ተነሣሽነት የሠለጠኑት ትርፋቸው በ30 በመቶ አደገ፤ የሂሳብ አያያዝና የገበያ ጥናት ብቻ የተማሩት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ይህን ጥናት በየሥልጠናው መክፈቻ እጠቅሰው ነበር። የዘለልኩት አንድ ነገር ነበር፤ የቶጎዎቹ ሰዎች ቀድሞውኑ ንግድ ላይ የነበሩ፣ ደንበኛና ዕቃ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የእኔዎቹ ከአውሮፕላን የወረዱት ከዕዳ ጋር ነው።

ዕዳው እንዴት እንደሚመጣ ላስረዳ፤ የጥፋቴ ሁሉ መነሻ እዚህ ጋ ነው። ሴት ልጅ ወደ ቤይሩት ስትሄድ ለደላላው የሚከፈለውን ብር ቤተሰብ ከኪሱ አያወጣም፤ የለውማ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ነው ስለሚል፣ አባት ማሳውን ሊሸጥ አይችልም። ስለዚህ በወለድ አገድ ይሰጣል። ብሩን ያበደረው ሰው ማሳውን ይዞ ያርሳል፣ ምርቱን ይበላል፤ ዋናው ብር እስኪመለስ ድረስ ምርቱ የእሱ ወለድ ነው። ሁለት ሽማግሌ ይቀመጣል፣ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይጻፋል፣ ጣት ይፈረማል። ከባንክ መዝገብ የለም፣ ከቀበሌ መዝገብ የለም። ከእኔም ቅጽ ላይ አልነበረም።

ይህች ሴት ቤይሩት የገባችው በእገዳው ዘመን ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዟ ለኤጀንሲው ሄደ። ቀጥሎ የላከችው የወንድሟን ትምህርትና የእናቷን ሕክምና ሸፈነ። ዋናውን ዕዳ ልትከፍል ስትል ከ2012 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የሊባኖስ ሊራ ወደቀ፤ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር በ1500 ሊራ ገደማ ረግቶ የኖረው ምንዛሪ ተንኮታኮተ። አሠሪዎች ዶላር አጣን ብለው ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው ከኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እያወረዷቸው ሲሄዱ የታየው በዚያ ሰሞን ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ወደቡ ፈነዳ። እሷ የብዙ ወር ደመወዟን ሳትቀበል፣ ባዶ እጇን ነው የተመለሰችው። ማሳውም በወለድ አገድ እንደተያዘ ነበር።

ሥልጠናው የተሰጠው ከከተማው አዳራሽ ነው። ጋሞኛ ለሚናገሩ ሰዎች በአማርኛ አስተማርኩ። መጽሐፉ በአማርኛ ነው፣ ሊገመግሙ የሚመጡት ሰዎችም ከአዲስ አበባ ናቸው። መጀመሪያ ላይ በጋሞኛ ሞክሬ ነበር። በጋሞኛ ስናገር ይከራከሩኛል፤ «የማሳ ኪራይ ወጪ ውስጥ ይገባል ወይ?»፣ «ወንድም በነፃ የሠራው ይቆጠራል ወይ?» ይሉኛል፤ መርሐ ግብሩ ይንዛዛል። በአማርኛ ስናገር ግን ጸጥ ይላሉ፣ ይጽፋሉ፣ ሰዓት ይከበራል። እኔም ጸጥታውን እንደ መግባባት ቆጠርኩት። ዝም ያለ ሰው የተስማማ የሚመስለው ለአሠልጣኝ ብቻ ነው።

በሻይ ሰዓት ወደ እኔ መጣች። በእጇ ጠርዙ የተበላ ደብተር ይዛለች። ደብተሩን ከፍታ አሳየችኝ። የቤይሩት ደብተሯ ነው። በየገጹ አናት የወሩ ስም፤ ከሥሩ በሦስት ረድፍ ማዳሟ የከፈለቻት፣ ያልከፈለቻት፣ ወደ አገር የላከችው። ከእያንዳንዱ መላክ ጎን ብሩን የተቀበለው ሰው ስምና ምን እንደተደረገበት ተጽፏል። ያልተከፈላት ወር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ክብ ተደርጓል። መጨረሻ ገጽ ላይ የማሳው ዕዳ ብቻውን ሰፍሯል። እኔ ያን ጠዋት ያስተማርኩት የገቢና ወጪ መዝገብ ከዚያ ደብተር አይበልጥም ነበር፤ እንዲያውም ያነሰ ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ የት ነው የሚገባው?» አለችኝ፣ የመጨረሻውን ገጽ በጣቷ እየነካች። «ቅጹ ላይ ቦታ አጣሁለት።»

«እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው እህቴ» አልኳት። «ይኼ የቢዝነስ ፕላን ነው። ያለፈውን ትተሽ ወደፊት ማሰብ ነው ያለብሽ። ማይንድሴት ማለት እሱ ነው።»

ደብተሯን አጠፈችና ሻይዋን ለመጠጣት ሄደች። ተመልሳ አልጠየቀችኝም።

ከሰዓት በኋላ የንግድ ሐሳብ ምርጫ ነበር። የእኛ «ምርጫ» አስቀድሞ ያለቀ ነበር፤ ድርጅቱ ዶሮ እርባታን አጽድቆ መጥቷል። ሰልጣኞቹ የሚመርጡት የዶሮውን ብዛት ነው። የንግድ ዕቅዱን መሙላት ላቃታቸው እኔው ሞላሁላቸው። መኖ ይህን ያህል፣ ሞት አምስት በመቶ፣ እንቁላል ይህን ያህል፣ ትርፍ ይህን ያህል። ቁጥሩን ያመጣሁት ካለፈው ሥልጠና ነው፤ ያለፈው ሥልጠና የተሰጠው ከአስፋልት ዳር ነበር። መኖ እስከ ካምባ ሲመጣ ስንት እንደሚገባ አልጠየቅኩም። የአርባ አምስት ቀን ጫጩት በአይሱዙ ጀርባ ያንን ዳገትና ቁልቁለት ሲወጣና ሲወርድ ስንቱ እንደሚተርፍም አልጠየቅኩም። በየገጹ ግን «ዘላቂ» የሚለው ቃል አለ፤ ዘላቂ ገቢ፣ ዘላቂ ኑሮ፣ ዘላቂ ልማት።

ገንዘቡ በየስማቸው ባንክ ገባ። አብዛኞቹ ዶሮ ገዙ። ለክትትል ስንሄድ ዶሮዎቹ በሕይወት ነበሩ፤ ፎቶ አነሣን፣ «ስኬታማ» ብዬ ጻፍኩ። ከፎቶው በኋላ ፈንግል ገብቶ ጠረጋቸው፤ ያ ግን ከፕሮጀክቱ ጊዜ ውጪ ስለሆነ ሪፖርት ውስጥ የለም። እሷ ቤት ስንደርስ ዶሮ የለም። የዶሮ ቤትም የለም። ገንዘቡስ ስላት «ዕዳ ከፈልኩበት» አለች። የትኛውን ዕዳ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ፣ ደብተሩን አይቼዋለሁ። አብሮኝ የመጣው ገምጋሚ ሰዓቱን ያያል፣ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ብዕሬን አወጣሁና ያንን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩት።

ለእነዚህ ሰዎች ትምህርት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ከአባቴ ያየሁትን ላንሣ። አባቴ ሽመና የተማረው ከአጎቱ የሽመና ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ነው። ብዙ ጊዜ ቀሰም ሲያጠነጥን ከረመ፤ መወርወሪያ የጨበጠው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ነጠላ ሸምኖ ትርፉን ለአጎቱ ሰጠ፤ ቀስ በቀስ ዕቁብ ገባ፣ ዕቁቡ ሲደርሰው የራሱን ዕቃ ተከለ። ማን ለማን ስንት እንዳለበት መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ዕዳ የትምህርቱ አካል ነበር እንጂ ከትምህርቱ ውጪ የሚቀር ነውር አልነበረም። ይህን ስል ግን ያንን ዓለም ማር አድርጌ መቀባት አልፈልግም፤ በዚያው መንገድ ከጋሞ ደጋ «አስተምራለሁ» ተብለው የተወሰዱ ስንት ሕፃናት አዲስ አበባ ውስጥ ከንጋት እስከ ሌሊት ያለ ክፍያ እየሸመኑ፣ እየተደበደቡ እንዳደጉ ይታወቃል። አባቴ ዕድለኛ ነበር።

መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ቤታቸውን ጥለው ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ የጋሞ ሸማኔዎች ነበሩ። ያኔ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የወጣውን ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ተንበርክከው መመለሳቸውን አገር ያውቃል። ከእነዚያ ሸማኔዎች መካከል ወደ ጋሞ የተመለሱትንም እኔ አሠልጥኛለሁ። ዕድሜ ልኩን ድርና ማግ ሲገዛ፣ ጥበብ ሲሸጥ፣ ከመርካቶ ነጋዴ ጋር ሲከራከር ለኖረ ሰው «የንግድ ሐሳብ እንዴት ይመረጣል» የሚል ስላይድ አሳየሁት። የሚፈልገው ዕቃውንና ክሩን የሚተካበት ብር፣ ደግሞም ሳይፈራ የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። ጨዋ ሰው ነውና እስከ መጨረሻው ተቀምጦ አዳመጠኝ።

ያንኑ ስላይድ ኋላ አዲስ አበባ ለሚኖሩ ስደተኞችም ወስጄዋለሁ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራት መብት ሰጥቷቸዋል፤ አዳራሹ ውስጥ የተነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ ግን «ንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው የሚወጣው?» የሚል ነበር። በሰው ስም ሱቅ ከፍተው የሚሠሩ፣ የስሙ ባለቤት ሲጣላቸው ሁሉን የሚያጡ ሰዎች ናቸው። «ወደ እሱ እንመለስበታለን» አልኩ። አልተመለስንበትም።

ወደ ካምባ የተመለስኩት ለሥራ አልነበረም፤ የአባቴ ዘመድ ሞቶ ለቅሶ ለመድረስ ነው። ከለቅሶው ቤት ስመለስ ያችን ሴት መንገድ ላይ አገኘኋት። ሰላም አለችኝ፤ እኔ ብሆን ሰላም አልልም ነበር። ቤት ግቡ አለች፣ ገባሁ። ከቤቱ በታች ያለው ማሳ በእንሰት ተሸፍኗል። ችግኞቹ ከጉልበት ከፍ ብለዋል፤ በመካከላቸው ድንችና ጎመን አለ። ባለ ገንዘቡ ሰውዬ ማሳውን በያዘባቸው ዓመታት የነበረውን እንሰት ፍቆ ጨርሶ በቆሎ ነው የዘራበት። እሱ ምን አገባው፤ እንሰት ደርሶ ለመፋቅ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፣ የእሱ መሬት ደግሞ አይደለም። ያን ጊዜ ሁሉ ቤተሰቡ ቆጮ ከገበያ እየገዛ ነበር የሚበላው።

የእኛን መነሻ ገንዘብ እንደተቀበለች ሽማግሌዎቹን ይዛ ሄዳ ሰውዬውን ከፈለች፤ የጎደለውን ሁለት በግ ሸጣ ሞላችው። ያችን ብጣሽ ወረቀት ሽማግሌ ፊት ቀደዷት። ይህን ሁሉ በደብተሯ ላይ ጽፋዋለች። ቀጥላ አንድ ስሌት አሳየችኝ። በዓመት ለቆጮና ለጎመን ከቤቱ የሚወጣውን ብር ደምራ፣ ማሳውን ለማስለቀቅ ከከፈለችው ጋር አነጻጽራዋለች። ቁጭ ብዬ በራሴ ስልክ ደገምኩት። ዶሮ ሁሉ በሕይወት ቢኖር፣ እንቁላሉ ሁሉ ቢሸጥ፣ እኔ በሞላሁት የውሸት ቁጥር እንኳ፣ የእሷ ውሳኔ ይበልጥ ነበር። ከዚያ አዳራሽ ከወጡት ሁሉ ገንዘቡን በትክክል ያዋለችው እሷ ነበረች።

ጋሞ ውስጥ ወግ የጣሰ ሰው ጎሜ አለበት ይባላል፤ ጎሜ ያለበት ሰው ዱቡሻ ላይ ቆሞ ያደረገውን በአደባባይ ይናገራል። እኔ ዘመናዊ ነኝ ባይ ነኝና ዱቡሻ አልቆምኩም። ለቀድሞ አሠሪዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፣ ሰነዱ ተልኳል የሚል መልስ መጣ። የስም ዝርዝሩ ግን አልተዘጋም፤ በወረዳው ኮምፒዩተር ውስጥ አለ። ለተመላሾች አዲስ ድጋፍ ሲመጣ ያ ዝርዝር ይከፈታል፣ ከስሟ ትይዩ ያለው ዓረፍተ ነገር ይነበባል፣ ስሟ ይዘለላል። ሁለት ጊዜ ተዘላለች።

አብሬያት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ስህተቱ የእኔ መሆኑን፣ ገንዘቡ ማሳ ለማስለቀቅ እንደዋለና እኔም ይህን ሳላጣራ እንደጻፍኩ ዘርዝሬ፣ ሁለት ሽማግሌ አስመስክሬ ፈረምኩ። ሠራተኛው በትሕትና ተቀበለኝና ከፋይል ውስጥ አስገባው። የድርጅቱ ማኅተም ስለሌለበት ኮሚቴ መወሰን አለበት፣ ኮሚቴው ደግሞ ከመስቀል በኋላ ነው የሚሰበሰበው አለን። መስቀል አልፏል፤ እስካሁን አልተሰበሰበም።

የወረቀቱን ቅጂ ጠየቀችኝ። ማኅተም የሌለው ቅጂ ምን ይሠራልሻል ስላት «ለአባባ» አለች። የቀበሌው ሰው ስለ ልጃቸው የሚያወራውን ሲሰሙ ከርመዋል። ቤት ደርሰን በጋሞኛ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ ትንሽ ዝም ብለው፣ ለዚያ ሥልጠና አበል ስንት ተከፈለህ ብለው ጠየቁኝ። ከነትራንስፖርቱ፣ ከነአዳሩ ነገርኳቸው።

«ለእሷ ከተሰጣት ይበልጣል» አሉ።

ይበልጣል።